የሕንፃው የኃይል ፍጆታ ገበና አይደለም

(በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ የሕንፃ ሠራተኞች፣ የኮንዶ ቦርድ አባላትና ተከራዮች ቅዳሜ ምሽት የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ ሲሆን ለንባብ እንዲመች ጥቂት እርማት ብቻ ተደርጎበታል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ሳምንቱን ሙሉ ስትሠሩ ሰንብታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከዚህ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደ ሌሊት ፈረቃ የምትገቡ ሆናችሁ ሳለ፣ ይህን አዳራሽ ሞልታችሁ ስላየሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። በመጥሪያው ላይ «የ12 ወር የመብራትና የጋዝ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ተጽፎ ስለነበር ብዙዎቻችሁ ፖስታ ይዛችሁ አያለሁ። እሱን ለጊዜው ጭናችሁ ላይ አቆዩት፤ እንመለስበታለን።

ዛሬ የምናገረው ሕንፃዎች የሚፈጁትን ኃይል ስለ መለካት፣ በልኬቱ መሠረት ደረጃ ስለ መስጠትና ያንን ደረጃ ለሕዝብ ይፋ ስለ ማድረግ ነው። በመጀመሪያ ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ለምን ይፋ መውጣት እንዳለበት፣ በመጨረሻም ቁጥሩ እውነተኛ እንዲሆን የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ አነሳለሁ። ልቤ ያለው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ እዚያ ብቆይ ታግሣችሁ ስሙኝ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ድምፅ ልንገራችሁ።

ወደዚህ አገር በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ መሃል ዲሲ በሚገኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ጀመርኩ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ያንን ሥራ ያልቀመሰ ጥቂት ሰው ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገብቼ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በዚያ ሰፊ ጋራዥ ውስጥ የሚቀረው ሦስት ወይም አራት መኪና ነው። የመኪናውን ጭስ ጠርገው ወደ ውጭ የሚያወጡት ትልልቅ ማራገቢያዎች ግን አንድም ደቂቃ አያርፉም ነበር። የተቀመጥኩባት ዳስ መስታወት ሌሊቱን ሙሉ ይርገበገባል። የሻይ ብርጭቆዬን መስታወቱ አጠገብ ሳስቀምጥ ሻዩ ላይ ክብ ክብ ሞገድ ይታየኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስተኛ እንኳ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሌሊት አለቃዬን «ሰው በሌለበት ይኼ ሁሉ ለምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሁልጊዜም እንደዚህ ነው» አለኝ። ሌላ መልስ አልነበረውም፤ እሱንም ማንም ነግሮት አያውቅም።

ከዓመታት በኋላ ተምሬ፣ የሕንፃ ኢንጂነር ሆኜ፣ ያንኑ የመሰለ ሌላ ሕንፃ ስረከብ «ሁልጊዜም እንደዚህ ነው» የምትለው ቃል በዶላር ስንት እንደሆነች ከመብራት ሂሳቡ ላይ አነበብኩ። ማራገቢያዎቹ የተተከሉት የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ነገር ግን ጋዙን የሚያሸት ትንሽ መሣሪያ ተገጥሞላቸው፣ አየሩ ሲበከል እንዲፈጥኑ፣ ሲጠራ እንዲዘገዩ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚፈልገው ኃይል በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ በስሌቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስምንት ዶላር የነበረው አንድ ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሌሊት ሌሊት በጭስ ማውጫው ሲወጣ፣ ከላይ ያሉት ተከራዮች እንደ ጋራ ወጪ ተካፍለው እየከፈሉ፣ አንድም ሰው አያየውም ነበር። መግቢያው በዕብነ በረድ የተነጠፈ፣ አበባው በየሳምንቱ የሚለወጥ ሕንፃ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ ይህን ማን ይገምታል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ፤ እንዴት ይለካል?

እዚህ ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች አላችሁ። መኪና ስትገዙ «በአንድ ጋሎን ስንት ማይል ትሄዳለች?» ሳትሉ ትገዛላችሁ? አትገዙም። የሕንፃውም ጥያቄ ከዚህ አይለይም። በአንድ ስኩዌር ፊት ወለል ላይ በዓመት ስንት ኃይል ያቃጥላል? ይኸው ነው።

በምሳሌ እንየው። 60,000 ስኩዌር ፊት የሆነ ሕንፃ በዓመት 700,000 ኪሎዋት ሰዓት መብራትና 12,000 ቴርም ጋዝ ተጠቀመ እንበል። መብራትና ጋዝ በተለያየ መስፈሪያ ስለሚሸጡ ሁለቱንም ወደ አንድ መስፈሪያ፣ ወደ ኪሎ ቢቲዩ፣ እንለውጣቸዋለን። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.412 ኪሎ ቢቲዩ ነው፤ አንድ ቴርም ደግሞ 100። መብራቱ 2,388,400 ይሆናል፣ ጋዙ 1,200,000፤ ድምሩ 3,588,400 ነው። ይህን ለ60,000 ስታካፍሉት ወደ 60 ይጠጋል። የዚያ ሕንፃ ቁጥር 60 ነው ማለት ነው። አራተኛ ክፍል የተማርነው ማባዛትና ማካፈል ነው፤ ማንም ሰው «ይኼ የኢንጂነሮች ነገር ነው» ብሎ እንዳያስፈራችሁ።

ነገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሆስፒታል ሌት ተቀን ይሠራል፤ ትምህርት ቤት ማታ ይዘጋል። አንዱን ዓመት ብርዱ ይጠናል፣ ሌላውን ይለዝባል። መብራቱም ቆጣሪያችሁ ጋ ከመድረሱ በፊት በማመንጫውና በመስመሩ ላይ ብዙ ኃይል ስለሚባክን፣ ስሌቱ ያንን ጭምር ይቆጥራል፤ በአሜሪካ ለመብራት በ2.80፣ ለተፈጥሮ ጋዝ በ1.05 ይባዛል። ስለዚህ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያዘጋጀው ፖርትፎሊዮ ማናጀር የሚባል ነፃ የኮምፒውተር መሣሪያ የሕንፃውን ዓይነት፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሰዉን ብዛትና የአየሩን ጠባይ አመዛዝኖ ከ1 እስከ 100 የሚደርስ የኢነርጂ ስታር ነጥብ ይሰጣል።

እባካችሁ ይህን ነጥብ እንደ ፈተና ማርክ አታንብቡት። አንድ የቦርድ ሊቀ መንበር «50 አገኘን፣ ወደቅን» ብለው ደንግጠው ደውለውልኝ ያውቃሉ። አልወደቁም። ልጆች ሆነን ካርድ ስንቀበል «ከክፍሉ ስንተኛ ወጣህ?» እንባል ነበር አይደል? ነጥቡ እንደዚያ ነው፤ 50 ማለት ከመሰሎቹ መካከል ልክ መሃል ላይ የቆመ ማለት ነው፤ 75ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሕንፃ ደግሞ የምስክር ወረቀት ለመጠየቅ ብቁ ይሆናል። የአምልኮ ቤቶችም በዚሁ መንገድ ነጥብ ስለሚሰጣቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ።

ይህን ነጥብ ሳልዘጋ አንድ ልዩነት ላስረዳ። በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት የደረጃ አሰጣጥ አለ። አንደኛው ሕንፃው ሲሠራ በግድግዳው፣ በመስኮቱና በማሞቂያው ተሰልቶ የሚሰጥ ነው፤ በአውሮፓ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ የሚሰጠው ከኤ እስከ ጂ ያለው የምስክር ወረቀት በአብዛኛው ይህ ነው። ሁለተኛው ሕንፃው ሰው ገብቶበት በ12 ወር ውስጥ በእርግጥ የፈጀውን ከቆጣሪው ላይ የሚያነብ ነው። የአውስትራሊያው ናበርስ፣ በ1998 የተጀመረውና እስከ ስድስት ኮከብ የሚሰጠው፣ እንዲሁም የእኛው የዲሲ አሠራር ከዚህ ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ለገዢ ይጠቅማል፤ ግድግዳ ሰው ቢለዋወጥም አይለወጥምና። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያየሁት ሁለተኛውን እንዳምን አድርጎኛል። በወረቀት ላይ ድንቅ ሆኖ የተነደፈ ሕንፃ፣ የማቀዝቀዣውን ሰዓት የሚያስተካክልለት ሰው አጥቶ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ፎቆችን ሲያቀዘቅዝ አግኝቼዋለሁ። ያ የጋራዥ ማራገቢያ በንድፍ ወረቀቱ ላይ ምንም ነውር አልነበረበትም። ነውሩን የሚናገረው ቆጣሪው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ይለካ፣ እሺ፤ ይፋ የሚወጣው ለምንድን ነው?

እኛ ገበናችንን መሸፈን የምንወድ ሕዝብ ነን። ይህ መልካም ባሕል ነው፤ የሰውን ጓዳ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው ተብለን አድገናል። ስለዚህ አንድ አባት በቦርድ ስብሰባ ላይ «የቤታችንን ሂሳብ አገር ሁሉ እንዲያየው ለምን እንገደዳለን?» ሲሉ ስሜታቸው ይገባኛል። ጥያቄያቸውን በአክብሮት እመልሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን አንድ ክረምት ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ።

ባለቤቴና እኔ ከተጋባን በኋላ የመጀመሪያ ቤታችንን የተከራየነው ከዲሲ አጎራባች በሆነው ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነበር። በመስከረም ስናየው ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ኪራዩ ከሌሎቹ በ90 ዶላር ያንሳል። መብራት በተከራይ ነው ተባልን፤ እሺ አልን። ማሞቂያው ከግድግዳው ሥር የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ብረት እንደሆነ አይተናል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅንም። ጥር ላይ የመጣው ሂሳብ ከ400 ዶላር በላይ ነበር። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት ስለነበረ ሌሊት ከውስጥ በኩል በረዶ ይሠራበታል፤ ጠዋት ጠዋት በጥፍሯ ትፍቀው ነበር። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ሊጠጡ ገብተው መስኮቱን አዩና ከቤታቸው ጋቢ ይዘው ተመለሱ። «ልጆቼ፣ ይኼን መስኮቱ ላይ ስቀሉ፤ እኔ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ይኼ ቤት ገንዘብ ይበላል እንጂ አይሞቅም» አሉን። ጋቢው እስከ መጋቢት መጨረሻ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

እስቲ አስቡት። ያቺ እናት ያውቁ ነበር። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ያውቅ ነበር። መብራት የሚሸጠው ድርጅት በየወሩ ይመዘግበው ነበር። አከራዩም የተከራዮቹ መመላለስ ሳይነግረው አይቀርም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማያውቀው ማን ነበር? ውሉን የሚፈርመውና የሚከፍለው ሰው ብቻ! በአገራችን ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ሻጩም «አትንካ» አይለውም፣ ካለው ገዢው ትቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ከበቅሎ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ነገር አፉ ተለጉሞ ይከራያል።

እንግዲህ ገበና ማለት የራስን ጉድ ራስ ችሎ መሸፈን ነው። አንዱ ሸፍኖ ሌላው የሚከፍልበት ነገር ገበና አይባልም። ለአባታችንም የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የማንም ግለሰብ ቤት ሂሳብ እንዲወጣ አይደለም፤ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶቹ የሁሉንም ቤት ፍጆታ ደምረው የሕንፃውን ጠቅላላ ድምር ብቻ ይሰጣሉ። የማንም ጓዳ አይታይም፤ የሕንፃው ጠባይ ግን ይታያል።

ከበስተጀርባው ያለውን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ልግለጸው፤ መስኮቱን የሚቀይረው አከራይ ነው፣ መስኮቱ ስላልተቀየረ የሚከፍለው ተከራይ ነው። አከራዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። መስኮት ቢቀይር ወጪው የእሱ፣ ትርፉ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ያደረገውም ስለማይታይለት ኪራይ ሲያወጣ አይቆጠርለትም። ደግ አከራይና ቸልተኛ አከራይ በገበያ ላይ አንድ ይመስላሉ። ደረጃው ይፋ ሲሆን በቅድሚያ የሚጠቀመው ደጉ አከራይ ነው፤ ሥራው ታየለት። ይህን ሁልጊዜ የምናገረው ይፋ ማድረግ የቅጣት ዱላ ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው።

ይህን የተረዱ አገሮችና ከተሞች ቀድመው ተነሥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ ሕንፃ ሲሠራ፣ ሲሸጥና ሲከራይ የኃይል ምስክር ወረቀት እንዲቀርብ አዘዘ፤ በ2010 ሲያሻሽለው ደግሞ ደረጃው በሽያጭና በኪራይ ማስታወቂያው ላይ ጭምር እንዲጻፍ አደረገ። ይህች ማሻሻያ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ወረቀቱን ሰው የሚያየው ልቡ ቤቱን ከወደደ፣ እጁም ብዕር ከያዘ በኋላ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ማስታወቂያው ላይ ሲሆን ገና ሳይሄድ ያወዳድራል። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2020 ጀምሮ ትልልቅ ሕንፃዎች የፊደል ደረጃቸውን መግቢያቸው አጠገብ እንዲለጥፉ አድርጋለች። ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ የንጽሕና ፊደል እንደሚለጠፈው ማለት ነው።

የእኛዋ ዲሲስ? ዲሲ በዚህ ጉዳይ ጭራ አይደለችም፤ ግንባር ቀደም ነች። በ2008 ባወጣችው የኃይል ሕግ ከ50,000 ስኩዌር ፊት በላይ የሆኑ የግል ሕንፃዎች ፍጆታቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ፣ ከተማዋም ውጤቱን ለሕዝብ እንድታወጣ ደንግጋለች። በኋላ በ2018 የወጣው ሕግ ወሰኑን ወደ 25,000፣ ከዚያም የ2024ን መረጃ ይዞ ወደ 10,000 አወረደው። መረጃው በየዓመቱ ይቀርባል፤ ያላቀረበ በቀን እስከ 100 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። አጎራባቻችን ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2014 እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ከአገሪቱ ካውንቲዎች የመጀመሪያው ነው፤ የመኖሪያ አፓርታማዎች ግን የገቡት በ2022 በተሻሻለው ሕግ ነው። እኛ ጋቢ በሰቀልንበት ዘመን ሕጉ አልነበረም። ሕጉ ሕንፃ ላይ ያተኮረበትን ምክንያት ለሚጠይቅም፣ ዲሲ ውስጥ ከሚወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው ከሕንፃዎች ነው። ከመኪኖች አይደለም፤ ከሕንፃዎች።

ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በዲሲ ማሳወቅ ብቻውን አይበቃም። ከተማዋ ለየሕንፃው ዓይነት ዝቅተኛ መለኪያ አውጥታለች፤ ለቢሮ ሕንፃ 71፣ ለመኖሪያ አፓርታማ 66 ነጥብ ነበር የመጀመሪያው ዙር። ከዚያ በታች የሆነ ሕንፃ መሻሻሉን ማሳየት አለበት፤ አንዱ መንገድ ፍጆታን በ20 በመቶ መቀነስ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ አልወረዱም። ዲሲ ውስጥ ያሉ ሕንፃዎች ለዓመታት ባሳወቁት መረጃ፣ በራሳቸው መሃለኛ ደረጃ ላይ ተመሥርተው ነው የወጡት። አስቀድሞ ባይለካና ይፋ ባይሆን ኖሮ ከተማዋ መለኪያ ልታወጣ የምትችለው በግምት ነበር።

አሁን ከሚቃወሙት ወገኖች ክርክር ውስጥ ከልቤ የማከብረውን ላንሳ። «ጥገናው ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ በኪራይ ላይ ይጨመራል፤ ለድሃው ብላችሁ ድሃውን ታፈናቅላላችሁ» ይላሉ። ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። የእኛ ሰው የሚኖርባቸው አሮጌ አፓርታማዎች ናቸው ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኙት፤ ባለቤቶቹም ሁሉም ባለጸጋ አይደሉም። ስለዚህ መለኪያ የሚያወጣ ከተማ ለእነዚህ ሕንፃዎች ጊዜና የገንዘብ ድጋፍ ሊመድብ ይገባል፤ እኛም ይህን በስብሰባቸው ተገኝተን በግልጽ መጠየቅ አለብን። ነገር ግን አለመለካት ድሃውን አያድነውም። ያ የ400 ዶላር ሂሳብ ምን ነበር? ስሙ ያልተጠራ ኪራይ ነበር! በጥር የሚመጣ፣ ውል ላይ ያልተጻፈ፣ ማንም ያልተደራደረበት ኪራይ።

ውጤት አለው ወይ? የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ከ2008 እስከ 2011 ድረስ በተከታታይ የለኩ ከ35,000 በላይ ሕንፃዎችን ተመልክቶ በአማካይ 7 በመቶ ፍጆታ እንደቀነሱ አሳይቷል። እኔ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የምይዘው፤ ሳይገደድ የሚለካ ሰው ከመጀመሪያውም ለነገሩ የሚያስብ ሊሆን ይችላልና፣ መለካቱ ብቻ ነው የቀነሰው ማለት አይቻልም። መለካት ማራገቢያውን አያዘገየውም። ለምን ይሮጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ይፈጥራል።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ቁጥሩ እውነተኛ እንዲሆን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኮንዶ ቦርድ «91 አግኝተናል» ብሎ በደስታ ጠራኝ። ሕንፃውን አውቀዋለሁ፤ ቦይለሩ፣ ማለትም ሕንፃውን የሚያሞቀው ማሽን፣ ዕድሜ የጠገበ፣ የኮሪደሩ መብራት ቀንም ሌሊትም የሚበራ ነው። ሰነዱን ሳገላብጥ ምክንያቱን አገኘሁት። መረጃውን የሞላው ሰው የምድር ቤቱን መኪና ማቆሚያ ከወለል ስፋቱ ጋር ደምሮታል። ጋራዥ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ከወለሉ ጋር አይደመርም፤ ሲደመር ሕንፃው ሰፊ ይመስላል፣ ሰፊ ሲመስል ደግሞ ቆጣቢ ይመስላል። ስናስተካክለው ነጥቡ 58 ሆነ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት እህት «ታዲያ ማን ያውቅብናል? ለምን አንተወውም?» አለች፤ በክፋት አልነበረም፣ ደስታው ስለጠፋባት ነው። ገንዘብ ያዡ አረጋዊ ግን ብድግ ብለው «ልጄ፣ የምንሸጠው ሸንኮራ አይደለም፣ ቤት ነው፤ ነገ ከእኛ ቤት የሚገዛው ልጅ የማን ልጅ ነው?» አሉ። 58ቱን አስገባን። በዓመቱ የኮሪደሩን መብራት በኤልኢዲ ቀይረው፣ የቦይለሩን ሰዓት አስተካክለው ወደ ሥራው ገቡ። 91 ላይ ቢቆዩ ኖሮ ማን ይነካው ነበር?

ሕጉ መረጃው በየተወሰነ ጊዜ በሦስተኛ ወገን ባለሙያ እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን አረጋጋጩ የሚመጣው አንድ ቀን ነው። ቆጣሪውን በየቀኑ የሚያየው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። በዚህች ከተማ በሕንፃ ጥገና፣ በጥበቃ፣ በጽዳትና በጋራዥ የሚሠራ የእኛ ሰው ብዛት ይታወቃል። የትኛው ፎቅ ሌሊት መብራቱ እንደማይጠፋ የሚያውቀው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። የትኛው ቱቦ እንደሚያንጠባጥብ የሚያውቀው ጠባቂው ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ የሂሳቡ ወረቀት ላይ «በግምት የተነበበ» የሚል ካያችሁ ወርዳችሁ ቆጣሪውን እራሳችሁ አንብቡ። ባዶ ክፍል ሲሞቅ ካያችሁ ሰዓቱንና ቀኑን ጽፋችሁ ለኢንጂነሩ ስጡ። «ሁልጊዜም እንደዚህ ነው» ሲሏችሁ፣ እኔ በዚያን ሌሊት ዝም እንዳልኩት ዝም አትበሉ።

አገር ቤት ቤት ለምትገዙና ሕንፃ ለምታሠሩም አንድ ቃል ላክል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ተከፍቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ መስኮቱም የማይከፈት ሕንፃ ስትሠሩባት እግዜር የሰጠውን አየር ዘግታችሁ ማቀዝቀዣ ትገዛላችሁ። በ2013 የወጣው የኢትዮጵያ የኢነርጂ አዋጅ ኃይል ቆጣቢነትን ከኢነርጂ ባለሥልጣኑ ተግባራት አንዱ አድርጎታል። መንገዱ ተጠርጓል። እናንተ ግን ሕግ እስኪያስገድዳችሁ ሳትጠብቁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሕንፃውን የ12 ወር ሂሳብ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሻጩ ሊያሳያችሁ ካልፈቀደ እሱም መልስ ነው።

እንግዲህ ጭናችሁ ላይ ያቆያችሁትን ፖስታ አሁን ክፈቱት። የመብራቱን ወረቀት ቀኝ እጃችሁ ላይ፣ የጋዙን ግራ እጃችሁ ላይ አድርጉ። ዶላሩን ለጊዜው ተዉት፣ ዋጋ ይለዋወጣልና፤ የምንፈልገው ከመብራቱ ኪሎዋት ሰዓት፣ ከጋዙ ቴርም የሚለውን መስመር ነው። የ12ቱን ወር ደምሩ፤ መብራቱን በ3.412፣ ጋዙን በ100 አባዙ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ካልኩሌተር ይዘው በየረድፉ ይመጣሉ። የቤታችሁን ስፋት የማታውቁ ከኪራይ ውላችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ውሉን ያልያዛችሁ ደግሞ ወደዚህ ወደ ፊት ኑ፣ ሜትር ይዣለሁ፤ የክፍሎቹን ርዝመት በእርምጃ ትነግሩኛላችሁ፣ እርምጃችሁን እንለካለን። እማማ፣ እርስዎ ወረቀቱን ከፍተውታል፤ ከእርስዎ እንጀምር።